ዊልያም ሄርሼል፦ የፀሐይ ነጠብጣብና የስንዴ ዋጋ
በሃኖቨር የተወለደው ዊልያም ሄርሼል (1738–1822 እ.ኤ.አ.) ሙዚቀኛ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1781 ዩራነስን በማግኘቱ ዝናው ናኘ። በ1801 የፀሐይ ነጠብጣቦች ሲበዙ ፀሐይ አብዝታ ትሞቃለች የሚል መላምት ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ረጅም የሙቀት መዝገብ ስላልነበረ የስንዴን ዋጋ በተዘዋዋሪ መለኪያነት ወሰደ፤ ነጠብጣብ ባነሰባቸው አምስት ወቅቶችም ስንዴ መወደዱን አመለከተ። ዋጋን ሌሎች ምክንያቶችም ስለሚወስኑት ማስረጃው ደካማ ነበር፤ ተቺዎችም ተሳለቁበት። ሽዋበ የነጠብጣቦቹን ዑደት ያስታወቀው ሄርሼል ካረፈ በኋላ፣ በ1843 ነው። በ11 ዓመቱ ዑደት የምድር አማካይ ሙቀት የሚለዋወጠው በ0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል። የሄርሼል ወቅቶች ግን በአመዛኙ ያረፉት ከ1645 እስከ 1715 በዘለቀው፣ ኋላ በማውንደር ስም በተጠራው የነጠብጣብ እጥረት ዘመን ውስጥ ነበር። መላምቱ አቅጣጫውን አልሳተም፤ የጎደለው አስተማማኝ መለኪያና አጭሩን ዑደት ከረጅሙ መለየት ነበር።