ከሩቅ ሆነው ልጃቸውን ያስተማሩ አባት፦ ልዑል ራስ መኰንን

መስከረም በተቃረበ ቁጥር በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ በየትምህርት ቤቱ በር ልጅ ለማስመዝገብ የሚሰለፈው ሰው አባት ወይም እናት ብቻ አይደለም። አያት ትመጣለች፤ አጎት ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሕፃኑ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ እኅት ታናሽዋን በእጇ ይዛ ትቆማለች። አባትስ የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። ከሐዲያና ከከምባታ ወጣቶችና አባወራዎች ወደዚያ አገር መጓዝ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ገንዘቡ ይላካል፤ ቤቱም ቆርቆሮ ይለብሳል። ሕፃኑ ግን ማታ ደብተሩን የሚያሳየው ለማን ነው? የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆቹን በየሳምንቱ ስለሚያገኟቸው ይህን ጥያቄ ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል።

ክቡራን አንባብያን፤ በዚህ ዕትም የአንድ የታወቁ ሰው ሕይወት የምንተርክላችሁ ይህን በልባችን ይዘን ነው። ልዑል ራስ መኰንን በጦር መሪነታቸውና በመልእክተኛነታቸው በየመጽሐፉ ይነሣሉ። እናት የሞተችበትን ልጅ በረጅም መንገድና በጦርነት መካከል ሆነው ለማስተማር የደከሙ አባት እንደ ነበሩ ግን እምብዛም አይነገርም።

ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ በጎላ አውራጃ፣ ደረፎ ማርያም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ፣ እናታቸውም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። በእናታቸው በኩል የዳግማዊ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ፣ ዕድሜያቸው ዐሥራ አራት ሲሆን አባታቸው ወስደው ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰጧቸው። የዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ የሚማረው እንዲህ ነበር፤ ፊደልና ዳዊት ከካህን፣ ፈረስና ጋሻ ከጦር ሰው፣ የአነጋገር ሥርዓት ደግሞ ከአደባባይ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ በአገሩም አልነበረም።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን በያዙ ጊዜ ከተማይቱንና አገሩን እንዲገዙ የተሾሙት መኰንን ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅንነት አይሆንም። ለሐረር ሰዎች ራስ መኰንን በጦር ኃይል የመጡ ገዥ ነበሩ። ለሐዲያና ለከምባታ ሕዝብም የዚያ ዘመን መኳንንት ስም ከመሸነፍና ከገባርነት ጋር ተያይዞ ይታወሳል። እኛ የምንተርከው የአገር ገዥውን ሥራ ሁሉ ለማመስገን ሳይሆን በቤታቸው የሠሩትን ለማሳየት ነው።

በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተጓዙ፤ ሲመለሱም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። የፋብሪካውን፣ የሆስፒታሉንና የትምህርት ቤቱን ሥራ በዓይናቸው አዩ። ያዩት ሁሉ በልባቸው እንደ ቀረ ኋላ በሐረር ከሠሩት ይታወቃል።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው እየሞቱ ብዙ ኀዘን አይተዋል። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙ በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ተፈሪ ግን በሕይወት ቆየ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1886 ዓ.ም.፣ እናቱ ዐረፉ። አባትየው ከዚህ በኋላ ምን ያድርጉ? እርሳቸው የአገር ገዥና የጦር አዛዥ ናቸው፤ ሕፃኑን ይዘው በየሰፈሩ መዞር አይችሉም። ልጁን ለዘመዳቸው ለፊታውራሪ ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ቤት ሰጡት። በዚያም ቤት በዕድሜ እኩያው የሆነው እምሩ ነበረና ሁለቱ እንደ ወንድማማች አብረው አደጉ። ይህ እምሩ ኋላ ልዑል ራስ እምሩ የተባሉት ናቸው።

የአባትየውን መንገድ ከልጁ ዕድሜ ጋር አስተያይተን እንመልከተው። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1888 ዓ.ም.፣ አባቱ በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዐድዋ ጦር ይመሩ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ። ከዚያም ትግራይን እንዲያስተዳድሩ ተልከው ወደ ሰሜን ሄዱ። ልጁ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ደግሞ፣ በ1894 ዓ.ም.፣ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ተልከው ባሕር ተሻገሩ። በመካከሉ ወደ ሐረር የተመለሱበት ጊዜ ቢኖርም ልጁ የአባቱን መምጣት እየጠበቀ ያደገ ልጅ ነበር። በዛሬዎቹ መንደሮቻችን እንዲህ ያለው ልጅ ስንት ነው?

ራስ መኰንን ግን ትምህርቱን ለአጋጣሚ አልተዉትም። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ ማለትም ዛሬ በአገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ዕድሜ፣ መምህር ቀጠሩለት። በመጀመሪያ እንደ አገሩ ልማድ በአማርኛና በግዕዝ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ይህን ከጨበጠ በኋላ፣ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ አባትየው ሌላ ነገር አሰቡ። በሐረር ሆስፒታል የሚሠራ ዶክተር ቪታልየን የሚባል የጓዴሎፕ ደሴት ተወላጅ ሐኪም ነበር። ሕሙማኑን ከሚያክምበት ጊዜ ከፍሎ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ለልጁ ፈረንሳይኛ እንዲያስተምርለት አደረጉ።

ከሐኪሙ ጋር ሌላ መምህር ደግሞ ተገኘ። በሐረር የካቶሊክ ሚሲዮን በሞንሰኞር እንድርያስ ዣሮሶ እጅ ያደጉት አባ ሳሙኤል ነበሩ። አባ ሳሙኤል የአለቃ ወልደ ካህን ልጅ ሲሆኑ የአገሩን ትምህርትና የውጭውን ትምህርት አጣምረው ያወቁ ሰው ነበሩ። ሞንሰኞር ዣሮሶ የካፑቺን ማኅበር አባል ነበሩ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው መንጋውን ተረከቡ። ከዚሁ ከሐረር ሚሲዮን የተላኩ ፈረንሳውያን ካፑቺን አባቶች ከዓመታት በኋላ ወደ ከምባታና ወደ ሐዲያ ምድር ደርሰዋልና፣ ሐረር ለእኛ ምእመናን እንግዳ አገር አይደለችም።

ይህ ምርጫ ቀላል እንዳይመስለን። ራስ መኰንን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩ ሰው ናቸው፤ እምነታቸውንም አልለወጡም። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ቋንቋ የተማረ ልጅ ሃይማኖቱን ይለውጣል የሚለው ፍርሃት በካህናትም በመኳንንትም ዘንድ ብርቱ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ኋላ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች ያስመጡት ይህ ፍርሃት እንዲበርድ ነው። ራስ መኰንን ግን ከዚያ ቀድመው አንድ ልጃቸውን በሚሲዮን ላደገ መምህር ሰጡ። የልጁን እምነት የሚጠብቀው የራሱ ቤት መሆኑን፣ መምህሩም በጠባዩ የታመነ ሰው መሆኑን አይተው ይመስለናል። ልጁም በአባቱ እምነት ጸንቶ አደገ። ዛሬ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን የሌላ እምነት ወላጆች ልጆቻቸውን በመተማመን ሲሰጡን የምንሸከመው አደራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ በሌላ ቤት ብዙ ጊዜ የሚጎድለውን እንናገር። መምህር መቅጠር ገንዘብ ላለው ሰው ቀላል ነው። ልዑሉም ገንዘብ ነበራቸው፤ የእኛ ምእመን ግን ደብተርና ዩኒፎርም ለመግዛት ቡላ ወይም ቡና መሸጥ አለበት። ስለዚህ የልዑሉን ሀብት ትተን ያለ ሀብት ሊደረግ የሚችለውን ብንመለከት ይሻላል። ልጁ፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ በተባለው መጽሐፋቸው እንደ ጻፉት፣ አባትና ልጅ እጅግ ይዋደዱ ነበር፤ አባትየውም የልጁን ታዛዥነትና በትምህርቱ መትጋት ለወዳጆቻቸው እያነሡ ያመሰግኑት ነበር። ይህን ለመጻፍ የተነሡት ዘውድ ጭነው፣ ተሰደው ብዙ ነገር ያዩ ሰው ናቸው። የአባታቸውን ምስጋና ግን አልረሱም። ምስጋናው ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው ልጁ ምን እንደ ተማረ ከመምህሩ መጠየቅን፣ የተሰጠውንም መልስ ማስታወስን ነው።

ይህ በስልክም ይሆናል። ከጆሃንስበርግ የሚደውል አባት ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ልጁን አቅርቡልኝ፣ ዛሬ ምን ተማርክ ሊለው ይችላል። በቤት የቀረችው እናት ወይም አያት ማንበብ ባትችልም እንኳ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ልትሰማው ትችላለች። በዚህ ረገድ የእኛ ወላጆች ከራስ መኰንን የተሻለ ዕድል አላቸው። ልዑሉ ልጃቸው በፈረንሳይኛ ሲያነብ ቢያዳምጡ ቋንቋው የባዕድ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ግን በአካባቢያችን የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርት በሐዲይኛና በከምባትኛ መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ፊደል ያልቆጠረች አያት እንኳ ልጁ የሚያነበውን ትረዳለች፤ ሲሳሳትም ትሰማዋለች። ይህን ጸጋ ብዙዎቻችን ገና አልተጠቀምንበትም። የልጁ ትምህርት የመምህሩ ሥራ ብቻ ነው ብለን ጥጃ እንዲጠብቅ እንልከዋለን። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውኃው፣ እንጨቱና የእንሰቱ ሥራ ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃል።

ሌላው የልዑሉ ጥበብ ልጁን ብቻውን እንዳይማር ማድረጋቸው ነው። እምሩ አብሮት ነበር። እናት የሌለችውና አባቱ በመንገድ ያለ ልጅ ከጎኑ እኩያ ካለው ትምህርቱን አይጠላውም። በቁምስናዎቻችን የጎረቤት ልጆች ማታ በአንድ ቤት፣ በአንድ መብራት ተሰብስበው ቢያነቡ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ቤት መብራት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን አናመሰግንም። በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት እንደ ሞላው አባቱ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው በጋራ ሙለታ ላይ ሾሙት። የዘመኑ ልማድ ነው ይባል ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሸክም የሚጫንበት ዕድሜ አይደለም። ዛሬም በዚያው ዕድሜ ደብተሩን ጥሎ በሞያሌ በኩል ለመሻገር የሚያልም ልጅ አለ፤ ወላጅም አንዳንድ ጊዜ ከብት ሸጦ ይሸኘዋል። ምናልባት ልዑሉ ዕድሜያቸው ማለቁን ዐውቀው ልጃቸውን ለማቋቋም ቸኩለው ይሆናል። የሆነው ነገር እንዲህ ያስመስላል።

በዚያው ዓመት ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ጉዞ እንደ ጀመሩ በመንገድ ታመሙ። ወደ ቁልቢ ተመልሰው በዚያ ተኙ፤ ልጃቸውም አብሯቸው ነበር። ሞታቸው መቃረቡን ባወቁ ጊዜ ለዐፄ ምኒልክ ደብዳቤ ልከው ልጃቸውን አደራ አሉ። በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ዐረፉ፤ በሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ምኒልክ አደራውን ተቀብለው ልጁን ወደ አዲስ አበባ አስመጡት። ትምህርቱም አልተቋረጠም። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ተፈሪና እምሩ በዚያ ገብተው ተማሩ። ከሰባት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የተተከለው ልማድ አባት ከሌለም በኋላ በራሱ ቆመ። የንጉሠ ነገሥቱን ረጅም ዘመነ መንግሥት የታሪክ ጸሐፊዎች በየመንገዳቸው ይመዝኑታል፤ ያ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

አባ ሳሙኤል ከተማሪያቸው አልተለዩም ነበር። በ1907 ዓ.ም. ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲጓዙ ጀልባይቱ ውኃ ገብቷት ሰጠመች። ተፈሪ ሲተርፉ አባ ሳሙኤል ከሌሎች ሰዎች ጋር በውኃው ሞቱ። ተማሪያቸው በመጽሐፋቸው ውስጥ ስለ መምህራቸው በፍቅርና በአክብሮት ጽፈዋል። ከዚህ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ተፈሪ መኰንን የሚል ነበር፤ የልጁም የአባትየውም ስም በአንድነት።