ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ምድጃ

ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱት ከመተማ በስተደቡብ በሚገኘው በቋራ ነው። የመድፍን ኃይል ያወቁት በሽንፈት ነበር፤ በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ወዲያ ዳባርቂ ላይ ምሽግ የያዘው የግብፅ ጦር ሠራዊታቸውን በመድፍ ፈጀው። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ መድፍ በአገር ውስጥ ለማሠራት ቆረጡ።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን ግን አብዛኞቹ ከወንጌል ተልእኮ ጋር የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ናስ ለማቅለጥ ወደ 1000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት የሚችል ምድጃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሡ እንዲደገም አዘዙ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ለሙያው ሰው ከማቅለጡ ይልቅ የሚያስደንቀው ማጓጓዙ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስቈረጡ፣ ብዙ መቶ ሰው ሽቅብ እየጎተተው፣ ቁልቁል ደግሞ ወደኋላ እየያዘው፣ ከወራት ድካም በኋላ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው።