አልፍሬድ ኢልግ፡ የባቡሩን ውል የተዋዋሉት፣ አዲስ አበባ ሲገባ ያላዩት መሐንዲስ

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ደራሽ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በአንድ ወገን ከዚራ በሌላው ወገን መጋላ ተብለው የሚጠሩት ሠፈሮች የድሬዳዋ እምብርት ናቸው። ከተማዪቱን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱን ለማምጣት ለዓመታት ከደከሙት ሰዎች ቀዳሚው ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1871 ዓ.ም. በንጉሥ ምኒልክ አገልጋይነት ወደ ሸዋ መጡ። አማርኛ ተምረው፣ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠርተው፣ ወደ ቤተ መንግሥቱም ውኃ በቧንቧ አስገብተው የንጉሡን አመኔታ አተረፉ። ከዓድዋ ድል በኋላ በውጭ ጉዳይ የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ አማካሪ ሆኑ።

ከሁሉ በላይ ግን ሐሳባቸው በባቡር ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ቡናውም ቆዳውም በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሕር የሚደርሰው ከሳምንታት ጉዞ በኋላ ነው። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ምኒልክ ባቡር የሚያሠራ ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ የሥራው ተባባሪ ሆኑ። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታሰበ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የሚያልፍበት ምድር የኢሳ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ስለነበር በሠራተኞቹና በነዋሪዎቹ መካከል ግጭት ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። ሐረር በተራራ ላይ ያለች በመሆኗ ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደቻቱ ዳር ደረሰ፤ አዲሲቱ ከተማም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች።

ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ዋጋ ተለወጠ። ትናንት ከብት የሚሰማራበት ሜዳ የጣቢያ፣ የመጋዘንና የባቡር መጠገኛ ቦታ ሆነ። በከዚራ በኩባንያው ፕላን ቀጥ ያሉ መንገዶች ወጡ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዓረቡ ነጋዴም ወደ ከተማዪቱ ጎረፈ። በኋላ በጣልያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ተከተለ። መኪናውን ከወደብ የሚያመጣ፣ ምርቱን ወደ ገበያ የሚወስድ ሐዲድ በደጃፍ መኖሩ ፋብሪካዎቹን ሳበ። ሐረር የነበረው የንግድ ማዕከልነት ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ።

ኢልግን የፈተናቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ቢያጥረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ፣ ለንግድ የፈቀዱት መስመር የሌላ መንግሥት እጅ መግቢያ እንዳይሆን ሠጉ። በምረቃው በዓል አልተገኙም፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይሄድ ከለከሉ። ባቡር የቆመው ገንዘብ ስላነሰው ብቻ አልነበረም፤ የሀገር ባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበትም ጭምር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነትና በባቡሩ መሥራችነት መካከል የቆሙት ኢልግ በሁለቱም ወገን ተጨነቁ።

ኩባንያው በዕዳ ወደቀ። ኢልግም በ1899 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን ለቅቀው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ኢልግ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ዐረፉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ያለው የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ዛሬ አሮጌው ሐዲድ በአብዛኛው ጸጥ ብሏል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ያልፋል። ድሬዳዋም ዳግመኛ ለፋብሪካና ለነጻ ንግድ ቀጣና መሬት እያዘጋጀች ነው። በኢልግ ዘመን የተነሣው ጥያቄም አብሮ ይነሣል፤ መሬቱ ለማን፣ በምን ውል ይሰጣል? በላዩ ይኖርበት የነበረው ገበሬና አርብቶ አደርስ ከሚመጣው በረከት ምን ይደርሰዋል? ምኒልክ ሐዲዱን ያስቆሙት ባቡርን ጠልተው አልነበረም፤ ውሉ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ነው።