የእንፋሎቱ መሐንዲስ ካሌንዳርና የአየር ልኬት

ጋይ ስቱዋርት ካሌንዳር በ1898 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሂዩ ካሌንዳር በፕላቲነም ሽቦ የሚሠራውን ቴርሞሜትር ያዳበረ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ በደረሰበት አደጋ የግራ ዓይኑ ታወረ፤ ይህ ግን ከልኬት ሥራ አላገደውም። በሎንዶን በአባቱ ቤተ ሙከራ ሠልጥኖ የእንፋሎት መሐንዲስ ሆነ። የዕለት ሥራው የከፍተኛ ግፊት እንፋሎትን ባሕርይ እየለካ በሠንጠረዥ ማስፈር ሲሆን፣ የአየር ጠባይን የሚመረምረው በትርፍ ጊዜው ነበር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ብርሃን እያሳለፈ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደሚይዝ ከእርሱ በፊት ይታወቅ ነበር፤ ስቫንቴ አሬንየስም በ1896 ስሌቱን ሠርቷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከቃጠሎ የሚወጣውን ትርፍ ጋዝ ውቅያኖስ ይውጠዋል ብለው ነገሩን ትተውት ነበር። በ1938፣ ማለትም የሰሜን ሸዋ አርበኞች ከፋሺስት ወራሪ ጋር በሚዋጉበት በ1930 ዓ.ም.፣ ካሌንዳር ጥናቱን ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሜቴዎሮሎጂ ማኅበር አቀረበ። በ50 ዓመት ውስጥ ከነዳጅ 150 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣቱን፣ ሦስት አራተኛውም በአየር ውስጥ መቅረቱን ገመተ። (ዛሬ የሚታወቀው የሚቀረው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው።) ከ147 ጣቢያዎች የሰበሰበው የሙቀት መዝገብም ጭማሪ አሳየ። ጉባኤው በጥርጣሬ ተቀበለው።

ዋናው ጭንቅ የቀድሞዎቹን ልኬቶች ማመን መቻሉ ላይ ነበር። የዘመኑ ዘዴ አየሩን ከባሪየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ጋር አዋሕዶ የተረፈውን ሙሙት በአሲድ መለካት ነው። ዘዴው በጥንቃቄ ቢሠራም አየሩ የተቀዳበት ቦታ ሁሉን ያበላሻል። በግሼ ራቤል ኩበት በሚነድበት ቤት የተቀዳ አየር የሚናገረው ስለ ምድጃው ብቻ ነው፤ ከመንደር ርቆ፣ ነፋስ ከሚመላለስበት አፋፍ የተቀዳው ግን ስለ ዓለሙ አየር ሊመሰክር ይችላል። ደጋው ላይ አየሩ መሳሳቱም ችግር አይሆንም፤ የሚቆጠረው ከደረቅ አየር ሚሊዮን እጅ ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሆነ ነውና። ካሌንዳር የከተማ ናሙናዎችንና ከ1870 በፊት የተሠሩትን ጣለ። በዘመኑና በአካባቢው ከተለመደው አማካይ በ10 ከመቶና ከዚያ በላይ የራቁትንም አልተቀበለም። ይህ የመጨረሻው መስፈርት የሚሻውን ውጤት መርጧል የሚል ክስ አምጥቶበታል፤ ክሱም ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ለ1900 አካባቢ ያጸደቀው 290 ያህል ሲሆን፣ በኋላ በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታስሮ የተገኘው የዘመኑ አየር ከዚህ የራቀው በጥቂቱ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ዳር ቤንዚን እያነደዱ ጉም የሚገፉበትን ዘዴ ካዳበሩት አንዱ ሆነ። ነዳጅ ማንደድ አላስፈራውም፤ ሙቀቱ የሰሜኑን እርሻ ይጠቅማል፣ የበረዶ ዘመንንም ያዘገያል ብሎ ያምን ነበር። ይህ ፍርድ ለሰሜን አውሮፓ ሲባል የተሰጠ ነው። በበልግ ዝናብ ገብስ ለሚዘራው የመንዝና የግሼ ገበሬ ሚዛኑ ሌላ ነው።

ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ፣ እንደ መንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ያለማቋረጥ በሚመዘግብ መሣሪያ መለካት ጀመረ። ካሌንዳር በ1964 ሲሞት የስድስት ዓመት መዝገብ ተከማችቶ ነበር። መነሻው 315 ገደማ ነበር፤ በ2024 አማካዩ ከ420 በላይ ሆኗል።