ብርሃንን በዶሮ ቤት የተማሩት ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን

የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የደጃዝማች ዓለማየሁን የሕፃንነት ፎቶግራፍ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያዩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ስለ ልጁ ያዝናል፤ ስለ ንጉሡ ያስባል፤ ስለ መቅደላም ይነጋገራል። ከመሣሪያው በስተኋላ ቆሞ ያነሣው ማን እንደ ሆነ፣ ብርሃኑንም በልጁ ፊት ላይ እንዴት እንዳሳረፈው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከነዚያ ሥዕሎች አንዳንዶቹን ያነሡትን የእንግሊዛዊቱን የወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን የሕይወት ታሪክ በዛሬው ገጻችን ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ጁሊያ በጁን 11 ቀን 1815 በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ሲሆኑ እናታቸው ከፈረንሳይ ወገን ነበሩ። አብዛኛውን ትምህርታቸውንም በፈረንሳይ አገር ተማሩ። በ1838 ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የሚባሉትን፣ በዕድሜ ሃያ ዓመት የሚበልጧቸውን የሕግ ሊቅ አገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተዛወረ፤ በ1860ም በዋይት ደሴት ላይ ፍሬሽዎተር በምትባል መንደር፣ በባለ ቅኔው በቴኒሰን ጎረቤት ቤት ገዝተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ጁሊያ ልጆቻቸውንና ወላጅ ያጡ የዘመድ ልጆችን ሲያሳድጉ፣ እንግዳም ሲቀበሉ ኖሩ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስማቸውን ከቤታቸው ወዳጆች ውጭ የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም።

በ1863 መጨረሻ ባላቸው ወደ ሴሎን ወደ እርሻቸው ሄደው ሳለ፣ ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነቱን እንዲረሱበት ብለው አንድ የፎቶግራፍ መሣሪያ በስጦታ ሰጧቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጁሊያ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ነበሩ። ስለ ሥራው የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ መሣሪያውን የት እንደሚያቆሙት፣ የሚነሣውን ሰው እንዴት እንደሚያስቀምጡት እንኳ አያውቁም ነበር። ነገር ግን የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረጉት። ዶሮዎቹን አስወጥተው በመስተዋት የተሠራውን ዶሮ ቤት ደግሞ ፎቶ ቤት አደረጉት። በዚህ ሁኔታ ከጊዜያቸው ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ ፎቶግራፍ የተነሡበት ቤት ከጓሮ ተጀመረ።

የዚያ ዘመን ሥራ ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አንድ መስተዋት ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ቀጥሎም በጨለማ ውስጥ በብር ጨው ውሃ ይነከራል። መስተዋቱ ሳይደርቅ ወደ መሣሪያው ገብቶ ሥዕሉ ይነሣል፤ ወዲያውም በመድኃኒት ይታጠባል። ለማጠቢያው የሚያገለግለው ሳያናይድ ብርቱ መርዝ ነበረ፤ የብሩ ጨውም እጅንና ልብስን ያጠቍራል። የሚነሣው ሰው ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንድ ጊዜም ለደቂቃዎች፣ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ወይዘሮ ጁሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሡት አንድ ገበሬ ነበረ። ለተቀመጠበት ለያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሺሊንግ ተኩል ከፍለውታል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሳይደርቅ በእጃቸው ነክተው አበላሹት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የልጅ ፎቶግራፍ ነው፤ ልጅ ያለመነቃነቅን ትእዛዝ አያከብርምና። አንድ ቀን ወይዘሮ ጁሊያ ሁለት ልጆችን በአንድነት ሲያነሡ፣ ሥራው እኩሌታ ላይ እንደ ደረሰ አንደኛው ልጅ በሳቅ ፈነዳ፤ መስተዋቱም ከንቱ ሆነ። ከዚህ በኋላ አኒ የምትባለውን አንዲት ልጅ ብቻዋን አስቀመጧት። ብትነቃነቅ ስንት መድኃኒትና ስንት ድካም እንደሚባክን እንደ ትልቅ ሰው አስረዷት። ልጅቱም ቃላቸውን ሰምታ ጸጥ አለች። ይህ የሆነው በጃንዋሪ 1864 ነው። ሥዕሉ እንደ ተሳካ ባዩ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት ለልጅቱ የሚሰጡት ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ሁሉ ዞሩት፤ ሥዕሏንም በዚያው ቀን አትመውና በክፈፍ አስገብተው ለአባቷ ሰጡ። የመጀመሪያ ሥራዬ ተሳካ ብለው የመዘገቡትም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንመለስ። የዚያ ዘመን የገበያ ፎቶ ቤቶች ብርሃን ከየአቅጣጫው በእኩልነት እንዲገባ ያደርጉ ነበር። ይህም ሥራውን ያፋጥናል፤ ፊትን ግን እንደ ሰሌዳ ዝርግ ያደርገዋል። ወይዘሮ ጁሊያ ከፊሉን መስተዋት በመጋረጃ ጋርደው ብርሃኑ በተለይ ካንድ ወገን እንዲመጣ አደረጉ። አንዱ ጉንጭ ሲበራ ሌላው በጥላ ውስጥ ይቀራል፤ በዚህም አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ የዓይኑም ጥልቀት ይታያል። ከተነሺው ኋላ ጠቆር ያለ ጨርቅ ያንጠለጥላሉ፤ መሣሪያውንም ወደ ፊት ያስጠጋሉ። ይህን ሁሉ መስተዋት እያበላሹ፣ እንደገናም እየቀቡ ደረሱበት።

ሥዕሎቻቸው ጥራት የላቸውም፣ ደብዝዘዋል፣ የጣት አሻራም ይታይባቸዋል በማለት የሙያው ሰዎች ብዙ ነቅፈዋቸዋል። እሳቸው የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች የደበዘዙት በአጋጣሚ እንደ ነበረ አልካዱም፤ ነገር ግን ሌንሱን ሲያስተካክሉ ለዓይናቸው ውብ ሆኖ በታያቸው ቦታ ላይ ማቆምን መረጡ። በ1865 በለንደን የሚገኘው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም፣ የዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሥራቸውን ገዛ፤ በ1868ም ሁለት ክፍሎችን ፎቶ ቤት እንዲያደርጓቸው ፈቀደላቸው።

በዚያው ዓመት የእኛና የእሳቸው ታሪክ ተገናኘ። መቅደላ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐረፉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ደጃዝማች ዓለማየሁ አማርኛ በሚያውቁት በካፒቴን ስፒዲ፣ ባሻ ፈለቀ በተባሉት፣ አሳዳጊነት በጁላይ 1868 እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ የተቀበሏቸው በዋይት ደሴት በነበረው ቤተ መንግሥታቸው ነው። ካፒቴኑም ሕፃኑን ይዘው ከዚያው ደሴት ወደ ፍሬሽዎተር፣ ወደ ወይዘሮ ጁሊያ ፎቶ ቤት መጡ።

ወይዘሮ ጁሊያ ደጃዝማች ዓለማየሁን ብቻቸውንም ከካፒቴኑም ጋር አነሧቸው። የዚያ ዘመን መድኃኒት ቡናማውን ቀለም ከእውነቱ ይልቅ አጥቍሮ ያሳያል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ማመዛዘን ከአኒ ሥዕል የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበረ። እናታቸውን ካጡ ገና ሁለት ወር ያህል ለሆናቸው ልጅ፣ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ምን ይመስላቸው ይሆን? ሥዕሉ የሚያሳየው ፈገግታ የሌለበትን ፊት ነው። ካፒቴኑ በኢትዮጵያ ልብስ ጦር ይዘው በቆሙበት ሥዕል ላይ የጨዋታ መንፈስ ይታያል፤ በልጁ ፊት ላይ ግን ጨዋታ የለም። የወይዘሮዋ ብርሃን ይህን አልሸፈነም። እኛ ዛሬ በዚያ ሥዕል የምናዝነው ስለዚህ ነው።

ወይዘሮ ጁሊያ በ1875 ከባላቸው ጋር ወደ ሴሎን ሄዱ፤ በዚያም በጃንዋሪ 26 ቀን 1879 ዐረፉ። ደጃዝማች ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኖቬምበር 14 ቀን በሊድስ ከተማ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሞተው በዊንዘር ተቀበሩ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ልጁ አልተመለሱም፤ ፊታቸው ግን በየተማሪው መጽሐፍ ውስጥ ተመልሷል።

እንግዲህ በነቀምቴ በበከኒሳ ቀሴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢዶሎ፣ የታናሽ ወንድሙን ወይም የልጁን ፎቶግራፍ በቤቱ ለማንሣት የሚሻ ወጣት፣ መብራትና መሣሪያ የለኝም ብሎ ተስፋ አይቍረጥ። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስልክ ወይዘሮ ጁሊያ በደቂቃ ያነሡትን በዓይን ጥቅሻ ያነሣል። ልጁን ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ በጎን ያስቀምጠው፤ የሌላውን ወገን መብራት ያጥፋ፤ ጥላው ከበዛበትም በጨለማው ጉንጭ በኩል ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ብርሃኑን ይመልስለት። የወለጋ የክረምት ደመናም ለዚህ ሥራ የሚስማማ፣ ለፊት የሚራራ ብርሃን ይሰጣል። ከዚህም በላይ ወይዘሮዋ ለአኒ እንዳደረጉት፣ ልጁን ከማዘዝ በፊት ያስረዳው። ካልፈቀደም ለዚያ ቀን ይተወው፤ መስኮቱ ነገም ይበራል።