ጆን ዎከር፦ ሥዕሉን ሳያይ ያለፈው ባለሱቅ

ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ የሚራመደውን ሰው ሥዕል ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በየሆቴሉ መደርደሪያ ላይ ያላየ ጥቂት ነው። የስሙ ባለቤት ግን ይህን ሥዕል በዓይኑ አላየውም። ቶም ብራውን የተባለው ሠዓሊ በ1908 ሲሥለው ጆን ዎከር ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

ጆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1805፣ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ኪልማርኖክ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በ1819 ሲሞት ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነበር። እርሻው ተሸጠ፤ በገንዘቡም በ1820 በከተማዋ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ተከፈተለት። በዚያ ዕድሜ የቤተሰቡን ጥሪት ሁሉ በአንድ ሱቅ ላይ ማዋል ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የዘመኑ ውስኪ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። እስከ 1823 ድረስ ቀረጡ ስለከበደ ብዙው በስውር ይወጣ ነበር። ሕጉ ከላላ በኋላም ጣዕሙ እንደየአገሩ ይለያያል። በምዕራብ ባሕር ላይ ያለችው የአይላ ደሴት ሰዎች ብቅሉን ከረግረግ መሬት ቆርጠው ባደረቁት የአፈር ማገዶ ያደርቁታልና መጠጣቸው ጢስ ጢስ ይላል። የስፔይ ወንዝ አካባቢው ለስላሳና የፍራፍሬ መዓዛ ያለው ነው፤ የደቡቡ ቆላማ አገር ደግሞ ቀለል ይላል። የአንድ አካባቢ ውስኪ እንኳ በርሜሉ በተቀየረ ቁጥር ይለዋወጣል። ደንበኛ ባለፈው ሳምንት የወደደውን መልሶ ማግኘት ይቸግረው ነበር። በዚያን ጊዜ የሻይ ቅጠል መቀየጥ የባለሱቆች ሙያ ነበርና፣ ውስኪንም ቀይጦ ጣዕሙን ማጽናት ለእነርሱ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ከጆን መደርደሪያ ላይም የኪልማርኖክ ውስኪ በባለሱቁ ስም መሸጥ ጀመረ።

በ1852 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የሱቁን ሸቀጥ ጠርጎ ወሰደ። የ47 ዓመቱ ነጋዴ የ32 ዓመት ልፋቱን ከጭቃ ውስጥ እንደገና ጀመረ። ሱቁ አገግሞ ሲቆም ለእርሱ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር፤ በ1857 አረፈ።

ዝናው የመጣው በልጁ በአሌክሳንደር እጅ ነው። በ1860 የወጣው ሕግ የገብስ ብቅልን ውስኪ ከሌላ እህል ከወጣው ጋር፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገና በመጋዘን እያለ መቀየጥን ፈቀደ። አሌክሳንደር ዕድሉን አላሳለፈውም። አራት ማዕዘኑ ጠርሙስ በሣጥን ውስጥ ብዙ ሆኖ ይገባል፣ ስብራቱም ያንሳል፤ አግድም ያዘመመው ወረቀት ደግሞ ከሩቅ ይለያል። መርከቦችም ጠርሙሱን ወደ ዓለም ዳርቻ አደረሱት። በእኔ እይታ አባትየው የተወው ትልቁ ውርስ ጣዕሙ ሳይሆን፣ ከጎርፉ በኋላ ያልተዘጋው ሱቅ ነው።

በኪልማርኖክ የነበረው የውስኪ ማሸጊያ ፋብሪካ በ2012 ተዘጋ። 700 ገደማ ሠራተኞች የነበሩት ይህ ፋብሪካ ሲዘጋ ውስኪውና ከተማዋ ተለያዩ።