ፓሪስን ከመስኮት የሣለው ሰዓሊ፦ ካሚል ፒሳሮ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1897 ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ የ66 ዓመት አዛውንት በፓሪስ ከተማ በሆቴል ደ ሩሲ አንድ ክፍል ተከራየ። ክፍሉን የመረጠው ለምቾቱ ሳይሆን ለመስኮቱ ነበር። በመስኮቱ ቁልቁል ሲመለከቱ የሞንማርትር ቡልቫርድ ከሥር ተነሥቶ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ፎቆች፣ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች፣ የፈረስ ሠረገሎች ሰልፍ፣ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ እግረኛ። ይህ አዛውንት ካሚል ፒሳሮ ነበር። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ በዚያ መስኮት አጠገብ እየቆመ ያንኑ ጎዳና 14 ጊዜ ሣለው።

በመስኮት ውስጥ ሆኖ መሣል ግን የፒሳሮ ልማድ አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ ሸራውን ተሸክሞ በእርሻ፣ በመንደርና በወንዝ ዳር የዋለ፣ በብርድና በነፋስ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ከ1880ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ግን የቀኝ ዓይኑ የእንባ መውረጃ እየመረቀዘ ያሠቃየው ያዘ። ነፋስና አቧራ በነካው ቁጥር ሕመሙ ያገረሽበታል፤ ቀዶ ሕክምናም ፈጽሞ አላዳነውም። ለሰዓሊ ከዚህ የከፋ ፈተና አይገኝም። ደጅ መውጣት ሲከለከል ደጁን በመስታወት አሻግሮ ማየት ጀመረ፤ በ1893 ለዓይኑ ሕክምና ፓሪስ በሰነበተበት ጊዜ በሴንት ላዛር ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካረፈበት ሆቴል መስኮት ጎዳናውን ሣለ። ከተማን በብርሃንና በጥላ የመሣል ሥራው ከዚያ ወዲያ እየጠነከረ ሄደ።

ጎዳናና ገበያ ግን ለእርሱ አዲስ አልነበሩም። ፒሳሮ የተወለደው ጁላይ 10 ቀን 1830 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው፣ ያን ጊዜ በዴንማርክ አገዛዝ ሥር በነበረችው በሴንት ቶማስ ደሴት፣ በሻርሎት አማሊ ወደብ ነው። አባቱ ከፈረንሳይ የሄደ፣ የዘር ሐረጉ ከፖርቱጋል አይሁዳውያን የሚመዘዝ ነጋዴ ነበር። ልጁን በ12 ዓመቱ ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላከው፤ በ17 ዓመቱ ደግሞ በንግዱ እንዲያግዘው መልሶ ጠራው። ወጣቱ በወደቡ የጭነት ጸሐፊ ሆኖ ዕቃ ሲቆጥር ይውልና ፋታ ባገኘ ቁጥር የጫኝ አውራጁን፣ የሸቀጥ ተሸካሚ ሴቶቹን፣ የመርከቡን ምስል ይነድፍ ነበር። በ1852 ፍሪትዝ ሜልቢ ከተባለ ዴንማርካዊ ሰዓሊ ጋር ወደ ቬኔዝዌላ ተሻገረ፤ በካራካስም ገበያውንና ጎዳናውን እየሣለ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ወላጆቹም ልቡ ከሒሳብ መዝገቡ እንደራቀ ተረዱ።

በ1855 ፓሪስ ሲገባ ታላቁን የመልክዓ ምድር ሰዓሊ ኮሮን ለመምህርነት አገኘ። ከእርሱም ከቤት ወጥቶ ተፈጥሮን ፊት ለፊት እያዩ መሣልን ተማረ። በዘመኑ የሥዕል ትምህርት ጥላ ማለት ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም መቀባት ነበር። ፒሳሮና ጓደኛው ክሎድ ሞኔ ግን ደጅ ቆመው ሲያዩ ሌላ ነገር አገኙ። ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ ሰማዩ ያበራዋል፤ ስለዚህ በበረዶ ላይ የወደቀ የዛፍ ጥላ ሰማያዊ ነው፣ ከቀይ ግድግዳ አጠገብ ያለ ጥላ ደግሞ ከግድግዳው መቅላት ይዋሳል። ጥላ የራሱ ቀለም አለው። ነገሩ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ሥዕላቸውን ለመሳቂያ ዳርጎታል።

በ1870 የፕሩሲያ ጦር ፈረንሳይን ሲወር ቤተሰቡን ይዞ ወደ ለንደን ሸሸ። ሲመለስ በሉቭሲየን የነበረው ቤቱ የወታደሮች ማረፊያ ሆኖ አገኘው። ካስቀመጣቸው 1,500 ያህል ሥራዎች የተረፉት 40 ገደማ ብቻ እንደሆኑ፣ ሸራዎቹም በጭቃ ላይ መረማመጃ ሆነው እንደነበር ይነገራል። የ20 ዓመት ድካም ነበር፤ ቢሆንም ከዜሮ ጀመረ። በ1874 የኢምፕሬሽኒስት ሰዓሊያን የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ሲከፍቱ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር፤ እስከ 1886 ድረስ በተካሄዱት ስምንቱም ላይ ሥራውን ያቀረበ ብቸኛ ሰዓሊ እርሱ ነው። ወጣቶችን ያለ ስስት ያስተምር ስለነበር ፖል ሴዛን ስመ ጥር ከሆነ በኋላ እንኳ ራሱን የፒሳሮ ተማሪ ብሎ አስመዝግቧል። ቤቱ ግን ከችግር አልወጣም፤ ባለቤቱ ዡሊ የጓሮ አትክልት እየተከለች ልጆቿን ትመግብ ነበር።

ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዓሊያንን ተከትሎ በጥቃቅን ነጠብጣብ መሣል ጀመረ። ገዢዎቹ ሸሹት። ጥቂት ዓመታት ከሞከረው በኋላ እርሱም ተወው፤ ነጠብጣቡ ጊዜ ይፈጃል፣ ብርሃን ደግሞ አይጠብቅም።

በሞንማርትር መስኮት የተጠቀመበት ዘዴ የዚህ ሁሉ ልምድ ውጤት ነው። በርካታ ሸራዎችን አዘጋጅቶ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣ ነበር። በደመናማው ጠዋት ፎቆቹ በግራጫ ጭጋግ ይሸፈናሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ አንደኛው የጎዳና ወገን ወርቅ ሲመስል ተቃራኒው በሰማያዊ ጥላ ይዋጣል፤ ዝናብ ሲዘንብ የረጠበው መንገድ ሰማዩን መልሶ ያሳያል። እግረኛው በአንድ ወይም በሁለት የብሩሽ ምት ይጠናቀቃል፤ ፊት የለውም፣ ግን ሲቸኩል ይታወቃል። ከ14ቱ አንዱ የሌሊት ሥዕል ነው፤ በመሐል መንገድ የኤሌክትሪኩ መብራት ነጣ ብሎ፣ በሱቆቹ መስኮት የጋዙ መብራት ቢጫ ሆኖ በረጠበው ጎዳና ላይ ይፈሳል። ፒሳሮ ይህን ሥዕል አልፈረመበትም፣ በሕይወቱ ሳለም ለዐውደ ርእይ አላቀረበውም። ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሰዓሊ የነበረው ልጁ ፌሊክስ በ23 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አባት ሳምንታት ሳይቆይ ወደ ፓሪስ ሄዶ በሆቴል ዱ ሉቭር ሌላ መስኮት ተከራየ። ከዚያም የኦፔራን ጎዳና በክረምት ጭጋግ፣ በበረዶና በፀሐይ ደጋግሞ ሣለው። ከተማዋ በዚያ ሰሞን በድሬይፉስ ጉዳይ ትታመስ ነበር፤ አይሁዳዊው መኮንን ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበታል ያለው ፒሳሮ በአቋሙ ምክንያት የረጅም ዘመን ወዳጁን ኤድጋር ደጋን አጣ። በሥዕሎቹ ላይ ሐዘኑም ሁከቱም አይታይም፤ ወይም ለማየት አስቸጋሪ ነው። የሚታየው አደባባዩን የሚዞሩት ሠረገሎችና የሐመር ፀሐይ ብርሃን ነው።

እንዲህ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተዘዋወረ የቱይለሪን የአትክልት ሥፍራ፣ የሴን ወንዝን ድልድዮች፣ በ1903 ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ የለ አቭርን ወደብ ሣለ። የወደብ ጸሐፊ የነበረው ሰው በ73 ዓመቱ መርከቦቹን እንደገና ከላይ ሆኖ ተመለከታቸው። የከተማዋ ቤተ መዘክርም ሁለቱን ሥዕሎች ገዛው። ኖቬምበር 13 ቀን በፓሪስ አረፈ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

በዚያው በመጨረሻው ዓመቱ የራሱን መልክ ሥሎ ነበር። ኮፍያ ያደረገ፣ ጢሙ የነጣ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ ከመነጽሩ በላይ የሚመለከት ሽማግሌ ነው። ከትከሻው በስተጀርባ መስኮት አለ፤ በመስኮቱም ከማዶ ያሉት ቤቶች ይታያሉ።